ሃያ ሰባት ኪሎ

«መዝገቡ አይሳሳትም» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት፤ ያውም እህቴ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ።

የሆስፒታሉ አጣሪ ኮሚቴ አምስት ሰዎች ነበሩት። ሰብሳቢው ዕድሜያቸው ጠና ያለ ሐኪም ሲሆኑ ከጎናቸው የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ተቀምጣለች። ጉዳዩ አጭር ነው። የሕፃናት ክፍል ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቴ ዘጠኝ ኪሎ ለሚመዝን የአሥራ አራት ወር ሕፃን የሃያ ሰባት ኪሎ ልጅ መድኃኒት ሰጥታለች። ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ሕፃኑ ኩላሊቱ ታውኮ አራት ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኛ። ነፍሱ ተርፋለች፤ መድኃኒቱ ግን ጆሮ የሚጎዳ ዓይነት ስለሆነ ምን ጉዳት እንዳደረሰበት ገና አልታወቀም ነበር። የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውን ፕሮግራም የሠራው እኔ የምሠራበት ድርጅት ነው። ስሌቱን የሚሠራውን ክፍል ደግሞ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

እህቷ መሆኔን አልደበቅኩም። ገና ለምስክርነት ስጠራ ለማትሮኗ ነግሬያታለሁ። «እንዲያውም ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «የሚያድናት ነገር ካለ ካንቺ በላይ ማን ይፈልግላታል?» እውነቷን ነበር፤ ፈልጌላታለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ወንበሬ ላይ ተተክዬ «ዘጠኝ ኪሎ» እያልኩ አራት መቶ ጊዜ አስልቻለሁ፤ አራት መቶውንም ጊዜ ትክክለኛውን መጠን ሰጠኝ። ከዚያ መዝገቡን ከፈትኩ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ባሰላ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ በስንት ኪሎ እንዳሰላ አንድ መስመር ይጽፋል። በእህቴ ስም፣ በዚያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ክብደት፦ 27 ይላል። ምን ይደረግ?

«እትዬ፣ እኔ ዘጠኝ ነው የጻፍኩት» አለች ሚጢ። ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ሚጢ ነው የምንላት። ኮሚቴው ፊት እትዬ ማለቷ አሳፈረኝ፤ የሚያሳፍር ነገር እንዳልነበረው አሁን ነው የገባኝ።

«ሲስተር» አሉ ሰብሳቢው፣ «መጠኑ ሲወጣ ብዙ አልመሰለሽም?»

«አዲሱ ብልቃጥ ነበር፣ ዶክተር። ከድሮው የቀጠነ ስለሆነ መጠኑ በዛ እንደሚል ተነግሮን ነበር። ብቻዬን የምንከባከባቸው አሥራ አንድ ሕፃናት ነበሩኝ።»

ማትሮኗ አንገቷን ነቀነቀች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው፣ የገዛ እህቷ ይህን ካለች ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል በሚል ዓይነት፣ አመሰገኑኝ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተቀጠረ። ወይ ትባረራለች፣ ወይ ተባርራ የሙያ ፈቃዷም ይነጠቃል፤ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ሚጢ ከነርስነት በቀር ሌላ ሥራ አታውቅም። አልፈለገችምም።

ስለ ላይብረሪው ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ብቀጥል ነገሩ አይገባችሁም። ላይብረሪ ስል መጻሕፍት ያለበትን ቤት ማለቴ አይደለም። ሌሎች ፕሮግራም ሠሪዎች በየሥራቸው ውስጥ እያስገቡ የሚጠቀሙበት፣ ተሠርቶ ያለቀ የፕሮግራም ቁራጭ ነው። አንዴ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ማን የት ቦታ እንደሚተክለው ጻፊው አያውቅም። የመድኃኒት ማስያውን ላይብረሪ የጻፍኩት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ክሊኒኳ አንድ ኮምፒውተርና አንዲት ነርስ ነው ያላት። በሽተኛ አንድ በአንድ ይገባል፣ ይመዘናል፣ ይሰላለታል፣ ይወጣል።

እኔም የበሽተኛውን ክብደት ግሎባል አደረግኩት። ግሎባል ማለት ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ የጋራ ሰሌዳ ነው፤ ማንኛውም የፕሮግራሙ ክፍል መጥቶ ያነበዋል፣ ማንኛውም መጥቶ አጥፍቶ ይጽፍበታል። ሌላው መንገድ ለእያንዳንዱ በሽተኛ ክብደቱን በወረቀት ጽፎ በእጁ ማስያዝ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል፣ ማንም አይነካበትም። ይህ ትንሽ ያደክማል። ሰሌዳው ይቀላል። ቶሎ መጨረስ ደግሞ ያኔ ኩራቴ ነበር።

አንድ የሥራ ባልደረባ ነበረን፣ አሁንም አለን፣ ሁሉን ነገር «ለምን?» ስለሚል ስሙን ለምን ብለን ያወጣንለት። ኮዱን አይቶ፣ «ለምን እያንዳንዱ ስሌት የራሱን ክብደት ይዞ አይሄድም?» አለኝ።

«አንድ ኮምፒውተር፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ በሽተኛ!» አልኩት። «ከማን ጋር ሊጋጭ ነው? ከጥላው ጋር?»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀና ነገሩን ተወው። ሰው ፊት እንደዚያ አድርጌ ዝም ካሰኘሁት በኋላ ግን ትንሽ ከነከነኝ መሰለኝ፣ ከመስመሩ አጠገብ «ለጊዜው» ብዬ ማስታወሻ ጻፍኩ። ያ ጊዜው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከሁለት ዓመት በፊት ድርጅታችን የዚህን ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ሲያገኝ ወጣቶቹ ፕሮግራም ሠሪዎች ማስያውን እንደ አዲስ ይጻፉት ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። «ምን ያደክማችኋል? ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ሳያስቸግር የሠራ ነው፤ አስገቡት» አልኳቸው።

ሚጢ ተሳሳትኩ ብትል ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ዘጠኝ ነው የጻፍኩት ከሚለው ንቅንቅ አልል አለች። አንጀቴን አሳረረችው። ምክንያቱም ሚጢ ዝንጉ ናት። ይህን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የጎረቤት ድመት ሳትቀር ታውቃለች። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች የእማዬ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ያ ለወግ ብቻ የምትለብሰው፣ ካውያ ተትቶበት ደረቱ ላይ የካውያው ቅርጽ ወጥቶ ተቃጥሏል። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ በጠፋ፣ ወተት በገነፈለ፣ ጃንጥላ አውቶቡስ ላይ በቀረ ቁጥር ሁላችንም ፊታችንን የምናዞረው ወደ እሷ ነው። እማዬ እስከ ዛሬ የሚጢን ስልክ ስታነሳ ደህና ነሽ ወይ አትልም። «ደግሞ ዛሬ ምን ረሳሽ?» ነው የምትለው። እንስቃለን። ሚጢም ትስቃለች። ከቤት ስትወጣ በሩን ሦስት ጊዜ እየተመለሰች ትነካለች፤ ምድጃውን አጥፍታ እንደገና ታጠፋለች፤ በዚህም እንስቃለን።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሳትደውል ቤቴ መጣች። ዓይኗ አብጧል። እንዳልተኛች ያስታውቅባታል።

«አሳዪኝ» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ።

«ምኑን?»

«እንዴት እንደተሳሳትኩ። ምናልባት ጽፌው ይሆናል፣ እትዬ። ሦስት ቀን ሙሉ አሰብኩት። ዘጠኝን ስጽፍ ይታየኛል፤ መልሼ ሳስበው ደግሞ ሃያ ሰባትን ስጽፍ ይታየኛል። አሁን የቱ እውነት እንደሆነ እኔም አላውቅም። አሳዪኝና ልረፍ።»

አሳዘነችኝ። ግን ደስም አለኝ፤ ይህን ልደብቀው አልችልም። እሷ ካመነች ኮሚቴው ይራራ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የሆስፒታሉ ፕሮግራም መሞከሪያ ቅጂ ከቤቴ ሆኜ የምከፍተው ነው። አሮጌውን ኮምፒውተሬን ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ጫፍ አስቀምጬ እሷን አስቀመጥኳት። እኔ ከሌላው ጫፍ በሥራ ኮምፒውተሬ መዝገቡን ከፈትኩ። ስትጽፍ መስመሩ እንዴት እንደሚወጣ ልታየው ነው። ዘጠኝ አለች፤ መዝገቡ ዘጠኝ አለ። እንደገና ዘጠኝ፤ እንደገና ዘጠኝ።

«አየሽ? የምትጽፊውን ነው የሚጽፈው» አልኳት።

«ደግሜ ልሞክር?»

«እስኪበቃሽ ሞክሪ።»

እሷ ስትሞክር እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ሰለቸኝ። ለማክሰኞ የማቀርበውን ማሳያ ላዘጋጅ ብዬ እኔም በራሴ ኮምፒውተር ማስላት ጀመርኩ። ሰላሳ አንድ ኪሎ ጻፍኩ፤ ለምን ሰላሳ አንድ እንደሆነ እንጃ፣ እጄ ያመጣው ቁጥር ነው። እሷ ትነካለች፣ እኔ እነካለሁ። ክፍሉ ውስጥ ከቁልፎቹ ድምፅ በቀር ሌላ ነገር አይሰማም ነበር።

«ይሄ በዛ» አለች ሚጢ።

«ምኑ?»

«መጠኑ። ዘጠኝ ኪሎ ነው የጻፍኩት፤ ይሄ ግን በጣም ብዙ ነው።»

«ጣትሽ ስቶ ይሆናል።»

«እትዬ፣ ነይና እዪ።»

አልሄድኩም። መዝገቡ ፊቴ ስለነበር እሱን አየሁ። በእህቴ ስም አዲስ መስመር ወጥቷል። ክብደት፦ 31።

«ሰላሳ አንድ ጻፍሽ?» አልኳት። 

«ኧረ ሰላሳ አንድ ከየት አባቴ አመጣለሁ?»

እሷ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ። እኔ የጻፍኩት ቁጥር ነው በእሷ ስም የተመዘገበው።

 ከዚያ በኋላ ያለውን ለመረዳት አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝ፤ የገዛ እጄ ሥራ ነዋ። ሚጢ ዘጠኝ ብላ ስትጽፍ ዘጠኙ ሰሌዳው ላይ ይሰፍራል። ፕሮግራሙ የመድኃኒቱን ሠንጠረዥ ሊያመጣ ይሄዳል፤ ሄዶ እስኪመለስ ዓይን ተጨፍኖ የሚገለጥበትን ያህል ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት ሌላ ሰው በሌላ ኮምፒውተር ሰላሳ አንድ ካለ ዘጠኙ ጠፍቶ ሰላሳ አንድ ይጻፋል። የሚጢ ስሌት ተመልሶ ሰሌዳውን ሲያይ የሚያገኘው የሌላ ሰው ልጅ ክብደት ነው። መዝገቡም መስመሩን የሚገለብጠው ከዚያው ሰሌዳ ነው። አራት መቶ ጊዜ ስሞክር ብቻዬን ነበርኩ። ብቻዬን ሆኜ አራት ሺህ ጊዜ ብሞክርም አይገኝም ነበር። ክሊኒኳ ውስጥም ዘጠኝ ዓመት ያልተገኘው ለዚህ ነው።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሚጢ።

አንድ ነገር አሰብኩ፤ ስጽፈው አሁንም ያሳፍረኛል። የመሞከሪያው ቅጂ ተበላሽቷል ልላት አሰብኩ። ታምነኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ዘግቼ፣ ሰኞ ዝም ብዬ አስተካክዬ፣ እሷም ሃያ ሰባት ጽፌያለሁ ብላ ትኖር ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዘጠኝ ነው የጻፍሽው» አልኳት። «ሃያ ሰባቱ የሌላ ልጅ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። እንደገና ዘጠኝ ብላ ጻፈች። ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

«ኮሚቴው ፊት ትናገሪያለሽ?»

«እናገራለሁ።»

«እሺ» ብላ ወጣች። ከበሩ ተመልሳ ምድጃዬን አየች፤ ያልተለኮሰ ምድጃ።

እሷ እንደወጣች ለማትሮኗ ደወልኩና እስከ ማክሰኞ ድረስ ማስያውን ማንም እንዳይነካው፣ በእጅ እንዲያሰሉ ነገርኳት። ለምን ስትለኝ ማክሰኞ እነግርሻለሁ አልኩ። ይህንንም እንደ ጀግንነት ቆጥሬው ነበር።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ቆሞ ጠበቀኝ። ጋሼ ነው የምንለው፤ ደግ ሰው ነው፣ ስታመም እቤቴ ድረስ የመጣ። ማትሮኗ ደውላለት ፊቱ ተለዋውጧል። በር ዘግቼ ሁሉንም ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዛሬውኑ አስተካክዪውና አዲስ ቅጂ እንላክላቸው» አለ። «ነርሷንም አልጥላትም። ራሴ ሄጄ እለምናቸዋለሁ፤ በማስጠንቀቂያ ትታለፍ።»

«ላላጠፋችው ለምን ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል?»

«ረጋ በይ። ነገሩ ሊሆን ይችላል እንጂ በዚያ ቀን መሆኑን ማን አየ? መዝገቡ እንደሆነ አይሳሳትም ብለሽ አንቺው ራስሽ መስክረሻል። ሃምሳ ሰው እዚህ እንጀራ ይበላል፣ እህቴ። አስቢበት።»

ማን አየ ያለው እውነት ስለሆነ አቃጠለኝ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ የዚያን ቀን መዝገብ እንደገና ከፈትኩ። መጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው ኮምፒውተሩን የእህቴን መስመሮች ብቻ አምጣልኝ ነበር ያልኩት። የማንንም ሌላ ሰው አልጠየቅኩም። አሁን የሁሉንም አልኩ።

ተደራርበው ወጡ። ከእህቴ መስመር በላይ፣ በዚያችው ሰከንድ፣ ከትልልቆቹ ልጆች ክፍል የሌላ ነርስ ስም ነበር። ክብደት፦ 27። ከሥሩ እህቴ፣ ክብደት፦ 27። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ ሰከንድ፣ አንድ ክብደት። ለሦስት ሳምንት እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሰው ቢጠይቀው ኖሮ ይናገር ነበር፤ እኔ ግን የጠየቅኩት ስለ ሚጢ ብቻ ነው።

ያን «ለምን» የምንለውን ባልደረባዬን ጠራሁት። መጥቶ ከኋላዬ ቆመና መስመሮቹን አነበበ፤ ከዚያ ኮዱን አሳየሁት፣ «ለጊዜው» የሚለው እስከ ዛሬ አጠገቡ ነው። ነግሬሽ ነበር ይለኛል ብዬ ትከሻዬን ሰብሰብ አድርጌ ጠበቅኩ። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

«በሌሎቹ ቀናትስ?» አለኝ።

የሁለት ዓመት መዝገብ ነበር። ሁለታችን ተካፍለን እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት አየነው። በአንድ ሰከንድ አንድ ዓይነት ክብደት የያዙ ሌሎች ስድስት ጥንድ መስመሮች አገኘን። አንዳንዶቹ እውነትም እኩል የሚመዝኑ ልጆች ይሆናሉ፤ አንዳንዶቹ አይሆኑም። የትኞቹ እንደሆኑ ከመዝገቡ ማወቅ አይቻልም። ስድስቱንም በወረቀት አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ለጋሼም አሳየሁት። ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ መለሰልኝና «ሂጂ በቃ» አለኝ። 

ማክሰኞ ኮሚቴው ክፍል ስገባ ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር። የሕፃኑ እናት እንደሆነች ሳይነግሩኝ አወቅኩ። ሚጢ የነርስ ልብሷን ሳትለብስ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በዚያው ባለፈው ወንበር ላይ ነበረች።

«ያለፈው ምስክርነቴ ስህተት ነበር» አልኩ። ለማስረዳት አልሞከርኩም፤ የጋራ ሰሌዳ፣ ግሎባል ብል ማን ሊሰማኝ። ሁለት ኮምፒውተር አቀረብኩ። አንዱን ለሰብሳቢው፣ አንዱን ለማትሮኗ ሰጠሁ። «ዶክተር፣ እርስዎ አሥር ይጻፉ። አንቺ ደግሞ አርባ። ስቆጥር አብራችሁ ተጫኑ።» መጀመሪያ ላይ ትክክል ወጣ። ማትሮኗ ከንፈሯን ነከሰች። ሁለተኛውም ትክክል ወጣ። «አንድ ጊዜ ደግሞ» አልኩ። በሦስተኛው ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉ።

«እኔ አሥር ነው የጻፍኩት» አሉ።

«መዝገቡ አርባ ነው የሚለው» አልኩ።

 ሚጢ ባለፈው ስብሰባ የተናገረችው ዓረፍተ ነገር ከሰብሳቢው አፍ መውጣቱን ያስተዋልነው እኔና እሷ ብቻ ይመስለኛል። የዚያን ቀን ሁለቱን መስመሮችና ስድስቱን ጥንዶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ማትሮኗ ወረቀቱን አንስታ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ ሁሉም የእሷ ነርሶች ናቸው።

«እና» አለች ከኋላ የሕፃኑ እናት፣ «ጥፋቱ የማንም አይደለም ልትሉኝ ነው?»

«የእኔ ነው» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትክክል እንዳልሆነ የነገረኝም ሰው ነበር።»

«የግራ ጆሮው አይሰማም አሉኝ ትናንት» አለች።

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እዚያው ወለሉ ላይ ወድቆ የቀረ መሰለኝ። እሷ ግን እኔን እያየች አልነበረም። «ሲስተር፣ የዚያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ለሰደብኩሽ ይቅር በይኝ» አለቻት። ሚጢ ተነስታ አቀፈቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ኮምፒውተሮቹን ሰበሰብኩ።

ሚጢን ከክሱ ነፃ አወጧት፤ በደብዳቤ ይቅርታም ጠየቋት። ከስብሰባው ወጥተን የሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ የታጠቡ አንሶላዎች ከሚሰጡበት ገመድ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ከሰዓት ሥራ ልትገባ ነው፤ ነጭ ልብሷን በፌስታል ይዛለች። ደስታ እጠብቅ ነበር። ቢያንስ እፎይ ትላለች ብዬ ነበር።

«ኮምፒውተሩ ባይነግርሽ ኖሮ አታምኚኝም ነበር» አለችኝ።

ዓይኔን ወደ አንሶላዎቹ መለስኩ።

«እውነቱን ነው የምልሽ፣ እትዬ፣ አልቀየምኩሽም። እኔስ መች ራሴን አመንኩ? መዝገቡ ሃያ ሰባት ይላል ሲሉኝ፣ ያን ቀን ሌሊት ምን አልኩ መሰለሽ? ያቺ የእማዬን ቀሚስ ያቃጠለች ልጅ ምን ይሳናታል አልኩ። ካውያውን ትቼው ስሄድ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ቀዩ መብራቱ ሳይቀር ይታየኛል።»

አንሶላዎቹ በነፋስ ተነስተው ወረዱ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተናገርኩት ነገር ነበር።

«ካውያው ቀይ መብራት አልነበረውም» አልኩ።

«እ?»

«አሮጌ ነበር፣ መብራት የለውም። ቀሚሱን እየተኮስኩ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጓደኞቼ በር ላይ ጠርተውኝ ወጣሁ። አንቺ ጥግ ላይ በአሻንጉሊትሽ ትጫወቺ ነበር። እማዬ ማነው ስትል ሚጢ ስትነካካው ነበር አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ያንን ይዞ ቀጠለ፤ አንቺም ጭምር።»

ዞር ብላ አየችኝ። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ቅዳሜ ዕለት ያንን ቁጥር ስታይ የነበረው ዓይነት ነገር ነው፤ ደጋግማ የምታጣራ፣ የትኛውን እንደምታምን የምትመርጥ።

«አስታውሰዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «እጄ ላይ ሙቀቱ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።»

«አልነካሽውም፣ ሚጢ።»

 ከዚያ ፌስታሉን አስቀምጣ ስልኳን አወጣች። የእማዬን ቁጥር ነካችና ድምፁን ከፍ አድርጋ በመካከላችን አግዳሚው ላይ አኖረችው።

ሁለት ጊዜ ጠራ።

«ሚጢዬ!» አለች እማዬ እየሳቀች። «ደግሞ ዛሬ ምን ረሳሽ?»

ሚጢ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። እጇን አጣጥፋ እኔን ታየኝ ጀመር።

«እማዬ» አልኩ፣ «እኔ ነኝ። ስለዚያ ስለ ሰማያዊ ቀሚስሽ የምነግርሽ ነገር አለ።»